ኡቡንቱ ላይ የተስተካከለው ዋይፋይ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ይዘገያል

ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ከዊንዶውስ ጎን ጭኛለሁ፤ የዋይፋይ ካርዱ ሾፌር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) አርቲኤል8723ቢኢ ነው። የቤቴ የኢንተርኔት መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት ሲሆን በዊንዶውስ 18 ያህሉን አገኛለሁ፤ በኡቡንቱ ግን ከ1 ሜጋቢት አልፎ አያውቅም። በኬብል ሳገናኘው እዚያው ኡቡንቱ ላይ 18 ስለሚደርስ ችግሩ የመስመሩም የራውተሩም እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

መጀመሪያ የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) አድራሻውን ቀየርሁ፤ ለውጥ አልነበረም። ከዚያ የኔትወርክ ግንኙነቶችን በሚያስተዳድረው በኔትወርክ ማናጀር ፋይል ውስጥ የዋይፋዩን ኃይል ቆጣቢ ከ3 ወደ 2 ቀይሬ አጠፋሁት፤ መቆራረጡ ጥቂት ቀነሰ እንጂ ፍጥነቱ አልተሻሻለም። ፍንጭ ያገኘሁት ላፕቶፑን ከራውተሩ በአንድ ክንድ ርቀት አስቀምጬ ሲግናሉን ስለካ ነው፤ ከ-80 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፣ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ይጠነክራል) አልበለጠም፣ በዚያ ቅርበት ደግሞ ይህ ፈጽሞ ሊሆን የሚገባው አይደለም። ካርዱ ሽቦ ያልተሰካበትን የአንቴና መግቢያ እየተጠቀመ ይሆናል ብዬ በመገመት፣ ሾፌሩን፣ ሾፌሮችን በሚጭነውና በሚያስወጣው በሞድፕሮብ ትእዛዝ አስወጥቼ የአንቴና መምረጫውን 2 በማድረግ መልሼ ስጭነው ሲግናሉ ወዲያው ወደ -42 ወጣ፤ ፍጥነቱም 17 ሜጋቢት ደረሰ። ሳምንት ሙሉ ስደክምበት ለነበርሁት ለእኔ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር።

ነገር ግን ላፕቶፑን አጥፍቼ ስከፍተው ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህንኑ ምርጫ የሾፌር ምርጫዎች በሚቀመጡበት በሞድፕሮብ ዲ ማህደር ውስጥ ባዘጋጀሁት ፋይል ጽፌዋለሁ፤ የፋይሉ ስም በኮንፍ የሚያልቅ መሆኑንና የፊደል ግድፈት አለመኖሩንም ደጋግሜ አይቻለሁ። ሾፌሩ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ይህን ምርጫ አንብቦ እንዲጫን ለማድረግ የቀረኝ እርምጃ ምንድን ነው?