ለሱሉልታ ቤት ድርብ መስታወት ያዋጣል ወይ?

ጠያቂ (ሱሉልታ)

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ውስጥ፣ ወደ ጎጃም ከሚወስደው አስፋልት ብዙም በማይርቅ ቦታ ላይ ጂ+1 መኖሪያ ቤት በማሠራት ላይ እገኛለሁ። ግድግዳው በ20 ሳንቲም ብሎኬት ቆሟል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል፤ ኮርኒሱ ገና ነው። ልስኑ ከመጀመሩ በፊት የመስኮቱን ጉዳይ መቁረጥ አለብኝ። የመስኮቶቹ ጠቅላላ ስፋት 20 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል።

እስካሁን በእጄ የገቡት ፕሮፎርማዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው የኤል ቲ ዜድ ብረት መስኮት ከነ4 ሚሊ ሜትር መስታወቱ ነው። ሁለተኛው ነጠላ መስታወት ያለው ተንሸራታች አሉሚኒየም ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተገጣጥሞ በኮንቴይነር ከውጭ የሚገባ፣ ድርብ መስታወት ያለው የፒቪሲ (የፕላስቲክ) መስኮት ሲሆን፣ ዋጋው ከአሉሚኒየሙ ከእጥፍ በላይ ነው። ሻጩ «የሱሉልታን ብርድ ይረሱታል፤ የመኪናውም ድምፅ አይሰማዎትም» ይለኛል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ስለማይረጋ፣ ፕሮፎርማው ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚጸና ነው በሚል ቶሎ እንድወስን እየተገፋሁ ነው።

ለብርዱም ሆነ ሌሊት ለሚያልፉት የጭነት መኪናዎች ድምፅ፣ ድርብ መስታወት የተባለውን ያህል ይጠቅማል ወይ? የምገዛ ከሆነስ ምን ምኑን ማየት ይኖርብኛል?

የሕንፃ መሐንዲስ (ለገጣፎ)

እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ብርዱንና ድምፁን ነጣጥለን ብናያቸው ይሻላል፤ ሻጮች አንድ ላይ ቢያወሯቸውም መፍትሔያቸው አንድ አይደለምና።

ከብርዱ ልጀምር። ነጠላ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 5.8 ዋት ያህል ሙቀት ያሳልፋል። በመካከሉ አየር የታሸገበት ድርብ መስታወት ይህን ወደ 2.8 ዋት ያወርደዋል። በኅዳር ሌሊት ውጭው 6 ዲግሪ፣ ቤትዎ ውስጥ 18 ዲግሪ ነው እንበል። በ20 ካሬ ሜትር መስኮትዎ በኩል የሚወጣው ሙቀት በነጠላው 1,400 ዋት ገደማ፣ በድርቡ 670 ዋት ገደማ ይሆናል። ቅናሹ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ነገር ግን ይህ ቅናሽ ገንዘብ ሆኖ የሚመለሰው ቤቱን በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ ሌት ተቀን ለሚያሞቅ ሰው ነው። የአውሮፓ ነዋሪ በየወሩ የሚከፍለው የማሞቂያ ሒሳብ ስላለ፣ መስኮቱ ቀስ በቀስ ወጪውን ይመልስለታል። እኛ ዘንድ ቤት የሚሞቀው ቀን ግድግዳው በሚይዘው ፀሐይ፣ በምድጃውና በነዋሪዎቹ ትንፋሽ ስለሆነ፣ የሚቀነስ ሒሳብ የለም። የሚያገኙት ምቾትን ነው፤ መስኮት አጠገብ ሲቀመጡ ትከሻዎን የሚቆነጥጠው ቅዝቃዜ ይቀንሳል፤ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ላይ የሚወርደው ላበትም እንዲሁ። ምቾትን በገንዘብ መግዛት ነውር የለበትም፤ «ዋጋውን ይመልሳል» ከተባሉ ግን አይቀበሉ።

ከመስኮቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ጣሪያዎ ነው። የቆርቆሮው ስፋት ከመስኮቶቹ ስፋት ብዙ እጥፍ ነው፤ ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ደግሞ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር ራሱ በታች ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ቺፑድ ኮርኒስ ብቻ ከተመታበት ቅዝቃዜው ወደ መኝታ ቤት ለመውረድ የሚያግደው ነገር ጥቂት ነው። ኮርኒሱን ባዶ ትቶ መስኮቱን ድርብ ማድረግ ጋቢ ሳይደርቡ ጓንት እንደማጥለቅ ነው። ኮርኒሱ ገና ከሆነ፣ በመስኮቱ ላይ ሊጨምሩት ካሰቡት ገንዘብ ከፊሉን ከኮርኒሱ በላይ ለሚነጠፍ ሙቀት ጠባቂ ንጣፍ ያውሉት።

ድርብ መስታወት የፀሐይን ሙቀት ይከለክላል የሚሉም አሉ። ያልተቀባና ያልተለበጠ ንጹሕ ድርብ መስታወት ከሚያርፍበት የፀሐይ ሙቀት ወደ ሦስት አራተኛው የሚጠጋውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ለሱሉልታ ይህ ጉዳት አይደለም። በእኛ ኬክሮስ፣ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በብርዱ ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብና በምሥራቅ በኩል ያለው መስኮትዎ ባለጥቁር መስታወት እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ። ለመልክ ሲባል የሚገባው ጥቁር መስታወት ቤትን ሲያጨልምና ሲያቀዘቅዝ በየሠፈሩ እናያለን።

ነዋሪ (ቡራዩ)

እኔ ከውጭ የመጣውን ዓይነት አስገብቻለሁ። ብርዱ በርግጥ ቀንሷል። የመኪና ድምፅ ግን ሻጩ እንዳለው አልጠፋም፤ ቀጭኑ ድምፅ ለስለስ አለ እንጂ ዳገት ላይ የሚያጓራው የከባድ መኪና ድምፅ እንዳለ ይገባል። ሁለተኛው ክረምት ሲወጣ ከመስኮቶቹ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጉም የመሰለ ነገር ታየ፤ በጨርቅ አይደረስበትም። የሸጠልኝን ድርጅት ብጠይቅ አጠቃቀም ነው አለኝ። አየር ብቻ ያለበት የታሸገ ነገር በአጠቃቀም እንዴት እንደሚበላሽ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

መስኮት ሠሪ (ገላን)

ለቡራዩው ወንድማችን ልመልስ፤ መልሱ ለጠያቂውም ይሆናል። በአጠቃቀም አይደለም። እሽጉ ተፈቷል ማለት ነው።

ድርብ መስታወት የሚባለው ዙሪያውን በቀጭን የብረት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ የተራራቁ፣ ጠርዛቸው በማጣበቂያ የታሸገ ሁለት መስታወቶች ናቸው። ዘንጉ ውስጡ ክፍት ሆኖ እርጥበት የሚመጥ ጠጠር ይሞላበታል። ማጣበቂያው አንድ ቦታ ከተላቀቀ እርጥብ አየር ይገባል፤ ጠጠሩ እስኪጠግብ ድረስ እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ከጠገበ በኋላ ጉሙ ይታያል። ስለዚህ ነው ጉድለቱ በመጀመሪያው ዓመት የማይታየው፤ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ያልቃል።

እሽጉ ለምን ይፈታል ከተባለ፣ ሻጮች የማይነግሩን ጉዳይ ከፍታ ነው። በባሕር ጠረፍ አካባቢ ባለ ፋብሪካ ሲታሸግ በመካከሉ የሚቀረው አየር የባሕር ወለል ግፊት ያለው ነው። ከጅቡቲ ተጭኖ አዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲደርስ፣ ይልቁንም ሱሉልታ ሲወጣ፣ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ታሽጎ የመጣው አየር ሊሰፋ ይፈልጋል፤ 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት 16 ካልሆንኩ ይላል። ትልቅ መስታወት ወደ ውጭ ተለጥጦ ቦታ ስለሚሰጠው የሚታየው የምስል መጣመም ነው፤ ጎረቤት ያለው ሕንፃ በመስታወቱ ላይ ሆዱ የተነፋ መስሎ ይታያል። እንደ መታጠቢያ ቤት መስኮት ያለ ጠባብ መስታወት ግን መለጠጥ ስለማይችል ጭንቀቱን ሁሉ ጠርዙ ይሸከመዋል፤ ወይ ማጣበቂያው ይላቀቃል፣ ወይ መስታወቱ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ በየዕለቱ ሲያሰፋውና ሲያኮማትረው ዕድሜው ያጥራል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ለደጋ አገር የሚልኩ አምራቾች በጠርዙ በኩል በጣም ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፤ ግፊቱ በዚያ ይስተካከላል። እንዲህ ያለው መስኮት ውስጥ «አርጎን ጋዝ አለበት» (ከአየር ያነሰ ሙቀት የሚያሳልፍ ጋዝ ነው) ከተባሉ ግን ብዙም አይመኑ፤ ቱቦው ክፍት ከሆነ ጋዙ በጊዜ ብዛት ወጥቶ አየር ይተካዋል። ከሁሉም የሚሻለው መስታወቱ እዚሁ አዲስ አበባ ወይም ዙሪያዋ ተቆርጦ የታሸገ መሆኑ ነው። እሽጉ የተሠራበት ከፍታ እርስዎ ከሚኖሩበት ጋር ከተቀራረበ ችግሩ አይነሣም። ስለዚህ ለሻጭዎ የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋ አይሁን፤ የት ታሸገ ብለው ይጠይቁት። በብዙ መስኮቶች ላይ የአምራቹ ስምና የተሠራበት ቀን በዘንጉ ላይ ተጽፎ ከመስታወቱ በስተውስጥ ይነበባል።

ድርብ ነው ተብሎ የሚሸጠው በእውነት ድርብ መሆኑን ለማየት ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ክብሪት ጭረው ወደ መስታወቱ ያስጠጉት። እያንዳንዱ መስታወት ሁለት ገጽ ስላለው የእሳቱ ነጸብራቅ አራት ሆኖ መታየት አለበት። ከአራቱ አንዱ ቀለሙ የተለየ ከሆነ፣ ሙቀት የሚመልስ ስስ ልባጥ ያለበት ነው፤ ለእሱ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠየቁ አግባብ ነው።

ስለ ፍሬሙም አንድ ነገር ልበል። ፒቪሲ ሙቀት ብዙም አያሳልፍም፤ ነገር ግን በስተውስጡ የብረት ማጠንከሪያ ከሌለው ይጎብጣል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ርካሽ ፒቪሲ እዚህ ቶሎ ይወይባል። አሉሚኒየም ዕድሜው ረጅም ነው፤ ግን በመካከሉ ሙቀት የሚቆርጥ ፕላስቲክ ከሌለው ብርዱን በፍሬሙ በኩል ያስገባዋል፤ በእንዲህ ዓይነት ፍሬም ላይ ድርብ መስታወት ማስገባት ግማሽ ሥራ ነው። ተንሸራታች ሆኖ በብሩሽ ብቻ የሚዘጋ ከሆነማ ነፋሱም ድምፁም በጠርዙ ይገባል። የሚከፈትና ሲዘጋ ጎማው ላይ ተጭኖ የሚገጥም መስኮት ከነጠላ መስታወት ጋር እንኳ ልል ከሆነ ድርብ ተንሸራታች የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጠያቂ (ሱሉልታ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኮርኒሱን አስቀድማለሁ። ለሳሎንና ለወጥ ቤት ነጠላ መስታወት ያለው፣ ተንሸራታች ያልሆነ አሉሚኒየም በቂ መስሎ ታይቶኛል። የቀረኝ ጥያቄ ወደ መንገዱ ስለሚያዩት ሁለት መኝታ ቤቶች ነው። ድምፁን ለመቀነስ ድርቡ ካልሆነ ምን ላድርግ?

የሕንፃ መሐንዲስ (ለገጣፎ)

ሁለቱም 4 ሚሊ ሜትር የሆኑ፣ በ12 ሚሊ ሜትር የተራራቁ መስታወቶች ድምፅን ከነጠላው አብልጠው የሚቀንሱት በጥቂት ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሮ ግማሽ ያህል ቀነሰ የሚባለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ስለሆነ፣ የቡራዩው ወንድማችን ያጋጠመው የሚጠበቅ ነው። ውፍረታቸው ሲለያይ፣ ለምሳሌ አንዱ 4 ሌላው 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ወይም አንደኛው በመካከሉ ስስ ፕላስቲክ ያለው ተጣባቂ መስታወት ሲሆን ይሻላል። ለወፍራሙ የሞተር ድምፅ ግን የሚበልጠው ርቀት ነው።

እርስዎ 20 ሳንቲም ግድግዳ አለዎት። በውጭው ጠርዝ አንድ መስኮት፣ በውስጠኛው ጠርዝ ደግሞ ሌላ ሁለተኛ መስኮት ቢያስገጥሙ በመካከላቸው 10 ሳንቲም ገደማ ይቀራል፤ ይህን የመሰለ ክፍተት በታሸገ ድርብ መስታወት አይገኝም። እሽግ ስለሌለው የከፍታው ችግር አይነካውም፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም አይፈልግም፤ ማንኛውም ጎበዝ የአሉሚኒየም ሠሪ ይሠራዋል። ችግሩ የሚጸዱት ገጾች አራት መሆናቸውና መጋረጃው ቦታ ማጣቱ ነው። ባለቤትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ ይህን የምለው በልምድ ነው።

መስኮት ሠሪ (ገላን)

በዚህ እስማማለሁ፤ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ትርፉ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይመክርዎትም። የውስጠኛው ወደ ውስጥ፣ የውጭው ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ፍርግርግ የሚያስገቡ ከሆነ ግን በመካከላቸው ይግባና ሁለቱም በነፃነት ይከፈቱ። የውስጠኛው ጎማ ከውጭው ይልቅ ጥብቅ ይሁን፤ አለበለዚያ የክፍሉ እንፋሎት ወደ መካከል ገብቶ በውጭው መስታወት ላይ ላብ ይሆናል። በውጭው ፍሬም ግርጌ ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ሠራተኛ በሲሊኮን እንዳይደፍናቸው ቆመው ይዩ፤ በክረምት ውኃ ወደ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ስሕተት ነው።

በውሉ ላይ የመስታወቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የፍሬሙ ዓይነት፣ ዋጋው 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያካትት መሆኑና የዋስትናው ዘመን ይጻፍ። ልኬቱ ልስኑ ካለቀ በኋላ በሠሪው እጅ ይወሰድ። ቀሪ ክፍያውንም አንድ ጠንካራ ዝናብ እስኪያልፍ ድረስ ያቆዩት።