ፒኤችፒ የያዘው የራሱን ጂዲ ነው ወይስ የሲስተሙን? በምን ልወቅ?

የጅማው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ላለ ፎቶ ቤት ደንበኞች የሰርግ ፎቶ የሚመርጡበት ትንሽ ሰርቨር እየሠራሁ ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፒኤችፒ 8.3ን (የዌብ ፕሮግራሚንግ ቋንቋውን) ከሶርስ ኮድ ኮምፓይል አደረግኩ። ፎቶ የሚያሳንስልኝ ጂዲ የሚባለው የምስል ላይብረሪ ነው። ሊብጂዲ-ዴቭን (በሲስተሙ ጂዲ ኮምፓይል ለማድረግ የሚያስፈልገውን ፓኬጅ) አስቀድሜ በአፕት ጭኜ፣ ከኮምፓይል በፊት ምርጫ የሚነገረውን ኮንፊገርን «ኤነብል-ጂዲ» እና «ዊዝ-ጄፔግ» ብዬ አስኬድኩት። ያለ ስህተት አለፈ። መሃል ላይ መብራት ሁለቴ ስለጠፋ ሜክ (ኮምፓይል የሚያደርገው ትዕዛዝ) ብቻውን ግማሽ ቀን በላብኝ።

አንድ ፕሮግራም የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጠራ በሚያሳየው በኤልዲዲ ሳየው ሊብፒኤንጂና ሊብጄፔግ ከሲስተሙ ፎልደር መጥተዋል። በቃ የሲስተሙን ይዟል ብዬ ደስ አለኝ። የፒኤችፒ ኢንፎ ገጽ ግን የጂዲን ቨርዥን «ባንድልድ (2.1.0 ኮምፓቲብል)»፣ ማለትም አብሮ የታሸገ፣ ይለዋል። የቱን ልመን? ከማላውቀው ሰው ፎቶ የሚቀበል ሰርቨር ስለሆነ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አቦል፦
ወንድሜ፣ ኢንፎውን እመን። ፒኤችፒ የጂዲን ኮፒ ከራሱ ሶርስ ጋር አሽጎ ነው የሚመጣው። «ኤነብል-ጂዲ» ብለህ ከተውከው ያንን ይወስዳል፤ የጫንከውን ዞር ብሎም አያየው። ከ7.4 ወዲህ የሲስተሙን ከፈለግክ «ዊዝ-ኤክስተርናል-ጂዲ» ብለህ ጨምርበት።

ያሳሳተህ ኤልዲዲ ነው። የታሸገው ጂዲም ፒኤንጂና ጄፔግን ከሲስተሙ ይዋሳል። አንተ ማየት የነበረብህ ሊብጂዲ የሚለው መስመር መኖር አለመኖሩን ነው።

ሂርማታ፦
የታሸገውን መጥፎ ነው አልልም፤ የፒኤችፒ ሰዎች ራሳቸው ይጠግኑታል። ጣጣው ግን ጂዲ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ አፕት አፕግሬድ የሚደርሰው ለሲስተሙ ብቻ ነው። የታሸገውን ለመድፈን አዲስ ፒኤችፒ አውርደህ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ አለብህ። በእኛ ኔትወርክና መብራት ታስበዋለህ? እኔ ብሆን የሲስተሙን እይዛለሁ።

መጀመሪያ የተጫኑ ላይብረሪዎችን በሚፈልገው በፒኬጂ-ኮንፊግ «ጂዲሊብ» ብለህ ቨርዥኑን ጠይቅ። ካልመለሰልህ የዴቭ ፓኬጁ በትክክል አልተጫነም ማለት ነው። ኮንፊገርን እንደገና ካስኬድክ በኋላ የድሮውን የሚያጠፋውን ሜክ ክሊን አትርሳ፤ አለዚያ የድሮው ኦብጀክት ፋይል ተደባልቆ ያደክምሃል።

የጅማው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ፒኬጂ-ኮንፊግ 2.3.3 አለኝ። ኮንፊገርም ባለፈው ያላየሁትን መስመር አወጣ፤ ጂዲሊብን ፈልጎ «የስ» ይላል። ማታ መብራት ሳይሄድ ሜክ አለቀልኝ። አሁን ኤልዲዲ ላይ «ሊብጂዲ.ኤስኦ.3» ቁጭ ብሏል፣ ኢንፎው ላይም «ባንድልድ» የሚለው ጠፍቶ 2.3.3 ሆኗል። ነገ ፎቶ ቤቱ ወስጄ እተክለዋለሁ።