ፒቸር የነበረ ሰው ታዳጊ ፒቸሮችን ሲያሰለጥን ከምን ይጀምር? (ጃንሜዳ)

ቅዳሜ ጃንሜዳ

ሰላም ለቤቱ። ጃንሜዳ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ቤዝቦል የሚለማመዱ ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ታዳጊዎች አሉ። ውጭ አገር ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) የነበረ ሰው ሊያሰለጥናቸው ፈቃደኛ ሆኗል፤ ትከሻው ስለተጎዳ ግን ራሱ ወርውሮ ማሳየት አይችልም። በሙያው ዓለም ፒቸሮች ወደ አሰልጣኝነት የሚሻገሩት እንዴት ነው? መወርወር ያቆመ ሰው ለልጆቹ ምን ይሰጣቸዋል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትስ ምን ላይ ያተኩር? ወላጆች የልጆቹ ክንድ እንዳይጎዳ ሰግተዋል፤ ልጆቹ ደግሞ ከርቭ (በመንገዱ ላይ የሚታጠፍ ኳስ) ካላስተማራችሁን ብለው ይዘዋል።

ከአራት ኪሎ

ወንድሜ፣ ወርውሮ አለማሳየቱ አያሳስብህ። ሜል ስቶትልማየር ከ1964 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ቡድን ኒውዮርክ ያንኪስ ወርውሮ 164 ጨዋታ አሸንፏል፤ ያስቆመው የትከሻ ጉዳት ነው። በተጫዋችነቱ ወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ሙያተኞች የዓመቱ ፍጻሜ ውድድር) አላሸነፈም። አሰልጣኝ ከሆነ በኋላ ግን 5 ጊዜ አሸንፏል፤ አንዱን ከሜትስ ቡድን ጋር በ1986፣ አራቱን ከያንኪስ ጋር። የሜትሱ ፒቸር ድዋይት ጉደን በ1985 ገና በ20 ዓመቱ 24 አሸንፎ 4 ብቻ ሲሸነፍ የፒቸሮቹ አሰልጣኝ ስቶትልማየር ነበር።

ሊዮ ማዞኒ ደግሞ ሜጀር ሊግ (ከፍተኛው የአሜሪካ ሊግ) ላይ አንድም ኳስ ወርውሮ አያውቅም፤ የተጫዋችነት ዘመኑ ከሱ በታች ባለው ማይነር ሊግ አለቀ። ከ1990 እስከ 2005 ግን የአትላንታ ብሬቭስን ፒቸሮች አሰልጥኖ፣ ከ1991 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ፒቸሮቹ 6 የሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር) ሽልማት ወስደዋል። ዘዴው ቀላል ነበር፦ በሁለት ጨዋታ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ የነበረውን የውርወራ ልምምድ ሁለት ጊዜ አደረገው፤ ሙሉ ኃይል ማውጣት ግን ክልክል። ፒቸሩ ጉልበቱን ቆጥቦ ኳሱን የፈለገበት ቦታ ማስቀመጥ ይማራል።

የተለመደው መንገድ ረጅም ነው። መወርወር ያቆመው ሰው ከማይነር ሊግ ዝቅተኛ እርከን ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ የቡልፔን (ፒቸሮች የሚያሟሙቁበት ቦታ) አሰልጣኝ፣ ከዚያ የፒቸሮች አሰልጣኝ ይሆናል። ይዞት የሚሻገረው ዓይኑን ነው። የደከመ ክንድ ምን እንደሚመስል፣ የተረበሸ ልጅ ትንፋሹ እንዴት እንደሚቆራረጥ ከውስጥ ያውቀዋል። የሚያበላሸው የራሱን አወራወር ሲጭንባቸው ነው። እሱ ረጅም ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይወረውር ከነበረና ክንዱ ወደ ጎን የሚሄድን ልጅ በግድ ከላይ ካስወረወረው፣ ልጁ ቀኝ እጅ ከሆነ አካሉ ወደ ግራ ይጣመማል፣ ኳሱ ይበተናል፣ ጀርባው ይታመማል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ምንም አያርም። እያንዳንዱ ልጅ 15 ይወርውር፣ እሱ ቆሞ ይይ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን በስልክ ይቅረጹ። ለአንድ ልጅ በአንድ ቀን አንድ እርማት ይበቃል።

ሲያይ የሚፈልገው ይህን ነው፦ የፊት እግር መሬት ሲነካ የሚወረውረው ክርን ትከሻ ከፍታ ላይ ደርሷል ወይ? ጫማው ወደ ሆም ፕሌት (መቺው ወደሚቆምበት) ነው ወይ የዞረው? ዳሌው ትከሻውን ቀድሞ ይዞራል ወይ? እግሩ አርፎ ክንዱ ገና ታች ከሆነ ኳሱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ልጁም በክንዱ ብቻ ይገፋዋል። ክርን የሚጎዳው እዚያ ላይ ነው።

ፊዚዮ ፒያሳ

ለወላጆቹ ስጋት ትክክለኛው መልስ መቁጠር ነው። ሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ፌዴሬሽን በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ከ13 እስከ 16 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ቢበዛ 95 ውርወራ ይፈቅዳል። ይህ ግን ጣሪያው ነው፤ ለጀማሪ 25 ወይም 30 ይበቃል። ዋናው ዕረፍቱ ነው። እስከ 14 ዓመት ከሆነ 20 ድረስ ወርውሮ በማግስቱ መወርወር ይችላል፤ ከ21 እስከ 35 ከወረወረ 1 ቀን፣ ከ36 እስከ 50 ከሆነ 2 ቀን፣ እስከ 65 ከሆነ 3 ቀን፣ 66 ከሞላ 4 ቀን ያርፋል። ለ15 እና 16 ዓመት ልጆች ያለ ዕረፍት የሚፈቀደው እስከ 30 ነው፤ 4 ቀን የሚያሳርፈው 76 እና ከዚያ በላይ ነው። በ12 ወር ውስጥ ከ100 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) በላይ አይወረውሩም፤ ቢያንስ 4 ወር ደግሞ ፒቸርነቱን ይተዋሉ። እዚህ ክረምቱ ይህን ያግዛችኋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ጭቃ ስለሆነ እግርና ወገብ የምታጠነክሩበት ወቅት አድርጉት።

ቁጥሩ ሳይሞላም የሚያስቆሙ ምልክቶች አሉ። ታች ይገባ የነበረው ኳስ ተደጋግሞ ከፍ ማለት ይጀምራል፤ እግሩ ስለደከመ ጎንበስ ብሎ መጨረስ ያቅተውና ቀጥ ብሎ ይለቀዋል። በውርወራ መካከል ጊዜ ይወስዳል። ክንዱን ያራግፋል፣ ጣቶቹን ያፍታታል። ክርኑ ከትከሻው በታች ይወርዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካየ አሰልጣኙ «ደከመህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅ፤ ልጁ አልደከመኝም ነው የሚለው። ኳሱን ይቀበለው። የክርን ወይም የትከሻ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ታዳጊ ፒቸሮች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ክንዳቸው ደክሞ ሳለ አዘውትረው የሚወረውሩት ለዚህ ጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው 36 እጥፍ ነበር።

የክርን ውስጠኛው ጎን፣ ትንሹ ጣት ባለበት በኩል ካመመው በዚያው ቀን ያቆማል። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ገና ለስላሳ ስለሆነ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ከፍ ሲሉ ደግሞ ጅማቱ ይበጠሳል። ቶሚ ጆን በ1974 በዶክተር ፍራንክ ጆብ የተደረገለት ቀዶ ጥገና ይህንኑ ጅማት ለመተካት ነው፤ በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወርውሯል። ዛሬም ቢሆን ከዚህ ቀዶ ጥገና ለማገገም ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል።

ቡልፔን

ከርቩን በተመለከተ የአዲስ አበባን ከፍታ አትርሱ። የአሜሪካዋ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ሆና ፒቸሮች ከርቬ አልታጠፍ አለኝ ብለው ያማርራሉ፤ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ሳስቷል። ከርቭን የሚያጥፈው ደግሞ የሚሽከረከረው ስፌት ላይ የሚገፋው አየር ነው። ልጁ ቪዲዮ ላይ ያየውን መታጠፍ ጃንሜዳ ላይ ሲያጣው እንዲታጠፍለት የእጅ አንጓውንና ክርኑን ማጣመም ይጀምራል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የአየሩ መሆኑን ማንም ካልነገረው አይገባውም። መመሪያውም ከርቭ የሚፈቅደው ከ13 ዓመት ጀምሮ፣ ያውም ፋስትቦሉ (ፈጣኑ ቀጥታ ኳስ) እና ቼንጅአፑ (ፈጣን መስሎ የሚዘገየው ኳስ) ከተስተካከሉ በኋላ ነው።

ቼንጅአፕ ግን ከፍታ አይነካውም ማለት ይቻላል፤ የሚያታልለው በፍጥነት ልዩነት ነው። መጀመሪያ ፋስትቦሉን፦ አመልካችና መሃል ጣት የፈረስ ኮቴ የሚመስለውን ስፌት አቋርጠው ይተኛሉ፣ አውራ ጣት ከስር፣ በኳሱና በመዳፉ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት። ለቼንጅአፕ ኳሱን ወደ መዳፍ ያስገባውና ሦስት ጣት ከላይ ያሳርፍበታል። የክንዱ ፍጥነት አይቀየርም። ልጆች የሚሳሳቱት ኳሱን ለማዘግየት ክንዳቸውን ሲያዘገዩ ነው፤ ያን ጊዜ መቺው ከሩቅ ያውቅባቸዋል። አያያዙ ያዘገየዋል፣ ክንዱ አያዘገይም ብሎ ይደጋግምላቸው።

ከፒቸሩ እስከ ሆም ፕሌት ያለው ርቀት ለአዋቂ 18.44 ሜትር ነው፤ እስከ 12 ዓመት ላሉ 14 ሜትር። የ13 ዓመቶቹን ከ16 ሜትር አስጀምሯቸው፣ ሳይወጠሩ ኳሱ ከደረሰ ወደ ኋላ ውሰዷቸው።

ማውንዱን (ፒቸሩ የሚወረውርበትን ጉብታ) በአፈር አትሥሩ። ጃንሜዳ በጥምቀት ታቦታቱ የሚያድሩበት ስለሆነ ሜዳው መለቀቅ አለበት። የሜጀር ሊጉ ከፍታ ከ1969 ወዲህ 25.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለናንተ ልጆች 15 ይበቃል። አንድ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ 122 በ244፣ ከስሩ በሞራሌ ተደግፎ። ፒቸሩ ረግጦ የሚወረውርበትን ጎማ፣ 61 በ15 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎሚስታ አሮጌ ጎማ ማስቆረጥ ይቻላል፤ የፊት ጠርዙ ከጣውላው የፊት ጫፍ 2 ሜትር ይራቅ። ከጎማው ፊት 15 ሴንቲ ሜትር ሜዳ ሆኖ፣ ከዚያ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ 2.5 ዝቅ ይላል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከመሬት ይገጥማል። ላዩን ሰው ሠራሽ ሳር ወይም አሮጌ ምንጣፍ በደንብ ምቱበት፤ ባዶ ኮምፔንሳቶ ጠዋት ጤዛ ሲነካው ያንሸራትታል።

ቅዳሜ ጃንሜዳ

እግዜር ይስጥልን፣ ይህን ሁሉ አትሜ ለአሰልጣኙ እሰጠዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ጎበዙ ፒቸራችን ካቸርም (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን የሚይዘው) እሱው ነው፣ ይቻላል? ኳሶቹስ በበጋ ያንሸራትታሉ፣ በክረምት ይከብዳሉ፤ ምን ይደረግ?

ፊዚዮ ፒያሳ

በአንድ ቀን ሁለቱንም አይሥራ። ካቸር ለእያንዳንዱ ኳስ መልሶ ይወረውራል፤ ያ ውርወራ ማንም የማይቆጥረው ድካም ነው። ሌላ ካቸር አሠልጥኑ። ቆጣሪው ደግሞ አሰልጣኙ አይሁን፤ ዓይኑ ልጁ ላይ መሆን አለበት። የማይጫወት ልጅ ወይም ወላጅ ደብተር ይዞ ስም፣ ቀን፣ የውርወራ ብዛትና በማግስቱ ክንዱ የተሰማውን ይጻፍ። የመጨረሻው ዓምድ ማግስቱን በስልክ ተጠይቆ ነው የሚሞላው።

ቡልፔን

ትክክለኛ ኳስ ከ142 እስከ 149 ግራም ነው፤ ውሃ ከጠጣ ከዚያ ያልፋል፣ ለታዳጊ ክንድ ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም። የረጠበውን ጥላ ላይ አየር እየነካው አድርቁት። ፀሐይ ወይም ምድጃ አጠገብ ከደረቀ ቆዳው ይደነድናል፣ ስፌቱም ይላላል። ለበጋው፣ ዴንቨሮች ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኳሳቸውን እርጥበቱ በተመጠነ ክፍል ያስቀምጣሉ። እናንተ ክዳን ባለው ባልዲ አኑሩት፣ ከመወርወር በፊት ትንሽ ደረቅ አፈር ላይ በሁለት እጅ አሹት፣ አቧራውን በጨርቅ አራግፉት። ከባድ የሆኑትንና ስፌታቸው የተነሳውን ለመቺዎች ልምምድ ለዩና ምልክት አድርጉባቸው፤ ለፒቸር አይሰጡ።