የሐምሌ ጉዞ በቴምዝ ወንዝ፦ ከዊንድሰር እስከ ራኒሚድ (ረቂቅ ዕቅድ)

ጸሐፊ፦ የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው። ጠዋት ከለንደኑ ዋተርሉ ጣቢያ በባቡር ወደ ዊንድሰር፣ ከዚያ በጀልባ ወደ ታች እስከ ራኒሚድ፣ ማታ መመለስ። ቀኑ እሑድ ተብሏል። የተመዘገበው 34 ሰው ነው። የሚቀየር ካለ ጻፉ፣ ረቂቁን አስተካክላለሁ።

የጉዞ ክፍል፦ እሑድ አይሆንም። ልዑል ዓለማየሁ ያረፈበት፣ በዊንድሰር ግንብ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ዊንድሰር ድረስ ሄደን የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ መታሰቢያ ሳናይ ብንመለስ ሰው ይወቅሰናል፣ እውነቱንም ነው። ቅዳሜ ይሁን። የግንቡ መግቢያ በሰዓት ስለሚሸጥ ትኬቱ አስቀድሞ ይገዛ፤ ጀልባው ከቀትር በኋላ።

ምግብ ክፍል፦ ቅዳሜ ለኛም ይመቻል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በመሃል ያሉት ቅዳሜዎች የፍስክ ናቸው። ጀበናና ከሰል ብንይዝስ?

ጀልባ ክፍል፦ እህቴ፣ ከሰል በፍጹም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ አንድ ፍም ይበቃዋል። ሸራ ከተዘረጋ ደግሞ የከሰሉ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይጥላል። ቡናው በፔርሙስ ይምጣ። ወጡም ደረቅ ይሁን፣ እንጀራው ተጠቅልሎ።

ሌላው፣ ከ12 መንገደኛ በላይ የሚጭን ጀልባ መንገደኛ ለመጫን ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀትና ፈቃድ ያለው ካፒቴን ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ ካፒቴን ያለው አንድ ትልቅ ጀልባ፣ ወይ እኛው የምንነዳቸው ሦስት አራት ትንንሽ።

ገንዘብ ያዥ፦ ራሳችን ብንነዳ ምን ይከብዳል?

ጀልባ ክፍል፦ መንዳቱ ቀላል ነው። ቀኝ መያዝ፣ በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር አለማለፍ። የሚያስቸግረው ሎክ ነው፤ መንገዱ ላይ ሁለት አሉ፣ ሮምኒና ኦልድ ዊንድሰር። ጀልባው ሁለት በር ባለው ክፍል ውስጥ ገብቶ ውሃው ይወርዳል። ሞተር ይጠፋል። ገመዱ ከፊትም ከኋላም ዳር ላይ ባለው የገመድ ማሰሪያ ጉቶ ዞሮ በእጅ ይያዛል እንጂ አይቋጠርም፤ ከተቋጠረ ውሃው ሲሸሽ ጀልባው ገመዱ ላይ ይንጠለጠላል። ከላይኛው በር ሥር ደግሞ ደፍ አለ፣ ግድግዳው ላይ ምልክት ተደርጎበታል። የጀልባው ኋላ ከምልክቱ ወደ ፊት ካልራቀ ደፉ ላይ ይቀመጥና አፍንጫው ይደፋል። በእያንዳንዱ ጀልባ ይህን የሚያውቅ ሁለት ሰው ካልተገኘ እኔ አልስማማም።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ካፒቴን ያለው። ግን ሎኮቹ ላይ ቀይ ሰሌዳ ከወጣ፣ ማለትም ወራጁ ከበረታ፣ ቀብዱ እንዲመለስ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ አልከፍልም።

የጉዞ ክፍል፦ በግንቡ መናፈሻ በኩል ያለው ዳርቻ የግል ነው፤ እዚያ መውረድ የለም። ምሳ ራኒሚድ ሜዳ ላይ፣ የእንግሊዝን ንጉሥ ሥልጣን የገደበው ሰነድ፣ ማግና ካርታ፣ በ1215 እ.ኤ.አ. የጸደቀበት።

ጸሐፊ፦ ተስተካክሏል፦ ከሐምሌ 5 በኋላ ያለ ቅዳሜ፣ ጠዋት ግንቡ፣ ከቀትር በኋላ ካፒቴን ያለው አንድ ጀልባ፣ ቡና በፔርሙስ። ለልጆች በልካቸው የመንሳፈፊያ ጃኬት ጀልባው ላይ መኖሩን ጀልባ ክፍል ይጠይቅልን። የቀረው ምሳው ነው፤ ከቀትር በኋላ ተነሥተን ራኒሚድ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ያልፋል፤ ጀልባው ላይ ቢበላስ?

ምግብ ክፍል፦ ይበላ። ሜዳው ላይ ቆሎና ዳቦ እናደርጋለን።