የህዳሴ ዘመን ኅትመት ዐውደ ርእይ፦ በጋራ ምክረ ሐሳቡ ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ለቤተ መጻሕፍቱ የምናቀርበው ረቂቅ «የአውሮፓ ህዳሴ» ይላል። ብሩኔሌስኪ ፍሎረንስ ላይ የሠራው የካቴድራል ጉልላት፣ ሊዮናርዶ፣ ማይክል አንጄሎ፣ የቁስጥንጥንያ መውደቅ፣ ኮፐርኒከስ፣ ሁሉም ተደርድሯል። ያለን ግን አንድ ክፍልና ስድስት ጠረጴዛ ነው። የትኛው ይቅር?

ከታሪክ ክፍል፦ ጋሼ፣ ሁሉን እንያዝ ካልን አንዱም አይጨበጥም። ምሰሶው ኅትመት ይሁን። ጀርመናዊው አታሚ ጉተንበርግ ማይንዝ ከተማ ላይ ባለ 42 መስመሩን መጽሐፍ ቅዱስ የጨረሰው በ1455 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ወደ 180 ቅጂ። ኮፐርኒከስ ስለ ሰማይ፣ ቬሳሊየስ ስለ ሰው አካል የጻፉት በአንድ ዓመት፣ በ1543፣ ኑረምበርግና ባዝል ላይ ታተመ፤ ስለዚህ ሳይንሱ በማተሚያው በኩል ይገባልናል። ጉልላቱ ቢያሳዝነኝም ይቅር።

አንድ እርማት፦ «ኅትመትን የፈለሰፈው ጉተንበርግ ነው» የሚለው ይሰረዝ። ኮሪያ ውስጥ በብረት ፊደል የታተመ የ1377 መጽሐፍ አለ። የጉተንበርግ ብልሃት የእጅ ማፍሰሻውን (ብረቱ ቀልጦ ፊደል የሚሆንበትን ቅርጽ)፣ የእርሳስ፣ የቆርቆሮና የአንቲሞኒ ቅይጡን፣ የዘይት ቀለሙንና መጭመቂያውን አንድ ላይ ማሠራቱ ነው።

ከግእዝ ጥናት ክፍል፦ መሀል ጠረጴዛው ላይ የ1513ቱ መዝሙረ ዳዊት ምስል ይቀመጥ። የኮሎኙ ካህን ዮሐንስ ፖትከን ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ ያሳተመው፣ በግእዝ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ነው። ቋንቋውን ግን በስሕተት «ከለዳዊ» ብሎታል፤ መግለጫው ላይ ይታረም። ቀጥሎ የአባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳን ይምጣ፤ እሱም ሮም፣ 1548–49። ያኔ የአታሚዎቹ ሠራተኞች ፊደሉን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ግድፈቱ ከዚያ መጣ።

የሥራውን ክብደት ቁጥር ያሳያል። ግእዝ 26 ፊደል በ7 ቤት 182፣ ከ20 ዲቃሎች ጋር 202፤ በዚያ ላይ 20 የቁጥር ምልክቶች። ይህ ሁሉ አንድ በአንድ ተቀርጾ፣ ተፈስሶ፣ በሣጥን ተለይቶ ይቀመጣል።

ከእጅ ሥራ ክፍል፦ እርሳስ ማቅለጡን አንስማማበትም። ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀትና መርዛማ ብናኝ ልጆች ባሉበት አይሆንም። በ3 ሚሊ ሜትር ሊኖሊየም (በቀላሉ በሚቀረጽ የወለል ንጣፍ) ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፊደል ይቅረጹና እንጨት ላይ ይጣበቅ። የእንጨቱ ውፍረት እኩል ካልሆነ ዝቅ ያለው ፊደል አይታተምም፤ ሥሩ በወረቀት ይደገፍ።

ትልቁ ወጥመድ ግልባጩ ነው። «ባ»ን እንደሚነበበው የቀረጸ ልጅ ወረቀቱ ላይ «ቦ» ያገኛል፤ ረጅሙ እግር ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራልና። «ሳ»ም «ሶ» ይሆናል። «ቡ» ደግሞ ቅጥያው በግራ ወጥቶ የየትም ፊደል አይሆንም። መፍትሔው፦ ስስ ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ይገልብጡ፣ በጀርባው ያለውን ይከተሉ።

ቀለሙ የተልባ ዘይትና ጥላሸት ይሁን። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቀለም በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነ ብረት ላይ ጤዛ መስሎ ይሰበሰባል፤ ጉተንበርግ ወደ ዘይት የሄደው ለዚህ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ የብረት ሰሌዳ ላይ እናሳይ። ቀለሙ በቆዳ ድብልብል ሳስቶ ይመታ፤ ከበዛ የ«ቀ»ና የ«ዐ» ዓይን ይደፈናል።

ወረቀቱ ማታ ይረጥብ፦ ከየሦስቱ አንዱ ውኃ ይነካው፣ ይደራረብ፣ ከባድ ነገር ይጫነው። ደረቁ ቀለም አይጠጣም፣ ይደበዝዛል፤ የራሰው ያፈሳል።

ሰብሳቢ፦ እስማማለሁ። ሁለት ጠረጴዛ ለታሪኩ፣ አንድ ለግእዙ፣ ሦስት ለእጅ ሥራው። እህቴ፣ የቁስጥንጥንያ ነገርስ?

ከታሪክ ክፍል፦ በአንድ አንቀጽ ትግባ። ከተማዋ ከወደቀችበት ከ1453 በፊትም በኋላም የግሪክ ሊቃውንትና ጽሑፎች ወደ ጣሊያን ይገቡ ነበር፤ ቬኒስ ላይ አልዶ ማኑዚዮ የግሪክ መጻሕፍትን አትሟል፣ በ1501 ደግሞ ሰያፍ ፊደሉን ያዘለ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ህዳሴ በዚያ ቀን ተጀመረ የሚለውን ዐረፍተ ነገር ግን አልፈርምበትም።

ሰብሳቢ፦ ተሰርዟል። ርእሱ «ፊደልና ማተሚያ በህዳሴ ዘመን» ይሁን። የእጅ ሥራ ክፍል የዕቃውን ዝርዝር ከነብዛቱ ጽፎ ያስገባ።