ነገ ሌሊት ሮኬት ይወነጨፋል፣ ረጅሙ ሌንሴ ግን ዛሬ ሥራ አቆመ፤ ምን ልግዛ ወይስ ምን ልከራይ?

እንግዳ ከአትላንታ፦
ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። አሁን ያለነው ፍሎሪዳ፣ ታይተስቪል ነው። ነገ ሌሊት ፋልከን 9 የተባለው ሮኬት ይወነጨፋል፤ ከአትላንታ ቤተሰቤን ይዤ እዚህ ድረስ የመጣሁትም እሱን ፎቶ ለማንሳት ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኜ ስሞክር 75-300 ሚሊ ሜትር የሆነው ረጅሙ ሌንሴ በድንገት ሥራ አቆመ። ሹተሩን ስጫን ካሜራው ከሌንሱ ጋር መገናኘት እንዳልቻለ የሚገልጽ የስህተት መልእክት ያወጣል። አጥፍቼ ሳበራው ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል፤ ፎቶ ላነሳ ስል ግን መልእክቱ ተመልሶ ይመጣል። አሁን የቀረኝ ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው 18-55 ብቻ ነው። ነገ ከቀትር በፊት ሌላ ሌንስ መግዛት ወይም መከራየት ይኖርብኛል። 400 ይበቃኛል ወይስ የግድ 600 ያስፈልጋል? ካሜራውንስ አብሬ ልቀይረው? እስከ 900 ዶላር ማውጣት እችላለሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

መቅረዝ፦
በመጀመሪያ በሌንሱ ጀርባና በካሜራው አፍ ላይ ያሉትን ወርቃማ የመገናኛ ነጥቦች አጽጂ። ካሜራውን አጥፍተሽ፣ ሌንሱን ፈትተሽ፣ ንጹሕና ደረቅ የሌንስ ጨርቅ ተጠቀሚ። እንዲህ ዓይነቱ መልእክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከላብና ከአቧራ ነው።

የታይተስቪል ነዋሪ፦
እንኳን ደህና መጣሽ፣ እህቴ። በትክክል ለመመለስ ግን ያልነገርሽን ነገር አለ። ሮኬቱ የሚነሣው ከየትኛው ማስወንጨፊያ ነው? የምትቆሚውስ የት ነው? ትሪፖድ ይዘሻል? የካሜራሽንም ስም አልጻፍሽም፤ ሌንስ የሚገጠመው በካሜራው ዓይነት ስለሆነ ያለ እሱ ምረጡልኝ ማለት አይቻልም።

እንግዳ ከአትላንታ፦
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። ከኬፕ ካናቬራል 40ኛው ማስወንጨፊያ ነው የሚነሣው፤ የምንቆመው ስፔስ ቪው ፓርክ ነው። ትሪፖድ አለኝ፣ ቀላል ነገር ነው። ካሜራው አነስተኛ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ያለው 24 ሜጋፒክስል ዲኤስኤልአር ነው። ነጥቦቹን በጨርቅ አጸዳኋቸው፤ ምንም ለውጥ የለም።

አባ መላ፦
ልጄ፣ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የፋልከን 9 ቁመት 70 ሜትር ነው። ከስፔስ ቪው ፓርክ እስከ 40ኛው ማስወንጨፊያ ያለው ቀጥታ ርቀት ደግሞ ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሮኬቱ በሴንሰርሽ ላይ ምን ያህል ሆኖ እንደሚያርፍ ለማወቅ የሌንሱን ርዝመት በሮኬቱ ቁመት አባዝተሽ ለርቀቱ ታካፍያለሽ። በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚወጣው ውጤት 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በ600 ደግሞ 1.8 ይሆናል። የሴንሰርሽ ቁመት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሮኬቱ በ300 ከፎቶሽ ቁመት አንድ አሥራ ስድስተኛውን፣ በ600 አንድ ስምንተኛውን ይይዛል ማለት ነው። በፒክስል ሲሰላም 245 እና 490 ገደማ ነው። ከፍተኛውን ሌንስ ብትከራዪ እንኳ የምታገኚው የሮኬቱ አካል ከፎቶው ውስጥ ትንሽ ጣት አያክልም። በዚያ ላይ በመካከል ያለው ኢንዲያን ሪቨር የተባለው ሰፊ ውኃ ነው፤ ከውኃው የሚነሣው ሞቃት አየር ስለሚርገበገብ ሩቁን ነገር ያደበዝዘዋል። ሌሊት ከቀን ይሻላል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ሁለተኛው ጉዳይ የነበልባሉ ብርሃን ነው። ፋልከን 9 ኬሮሲን ስለሚያቃጥል ነበልባሉ ደማቅ ቢጫ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 16 ቀን 2022 ሌሊት የተነሣው የናሳው የጨረቃ ተልእኮ አርጤምስ 1 ደግሞ በጎኑ ሁለት ትላልቅ የጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች ስለነበሩት ብርሃኑ ከዚህ እጅግ የበረታ ነበር። ሃይድሮጅን ብቻ የሚያቃጥል ሞተር በአንጻሩ ነበልባሉ ለዓይን እንኳ ደብዛዛ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በሌላ ሮኬት ላይ የተጠቀመበትን ቅንብር እንዳለ መቅዳት አይገባም። ካሜራውን በአውቶማቲክ ከተውሽው ጥቁሩን ሰማይ ለማብራት ሲል ነበልባሉን ነጭ እድፍ ያደርገዋል፤ ማኑዋል ላይ አድርጊ፣ ፎቶውንም በራው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚተወው) ፋይል አስቀምጪ።

ደመና ሰንጣቂ፦
የመገናኛ ነጥቦቹን በእርሳስ ላጲስ ፈግፍጊያቸው። ለእኔ ሠርቶልኛል።

መቅረዝ፦
እኔም ከላይ ያልኩት ይኸንኑ ነው፤ ነጥቦቹን ደጋግሞ ማጽዳት ይረዳል።

የሌንስ ጠጋኝ፦
ላጲስ አልመክርም። ብናኙ ወደ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ የወርቁንም ቅብ ይፍቃል። ደግሞም እህታችን አጽድታው እንዳልተለወጠ ከነገረችን በኋላ እንደገና አጽጂ ማለት ጊዜዋን መፍጀት ነው።

ይልቁንስ ይህን ሞክሪና ውጤቱን ንገሪን። ካሜራውን ማኑዋል ላይ አድርገሽ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ) ሌንሱ እስከሚፈቅደው ድረስ ክፈቺው፤ ማለትም የኤፍ ቁጥሩን የመጨረሻው ትንሽ ቁጥር ላይ አድርጊና አንድ ፎቶ አንሺ። ቀጥሎ ኤፍ 11 ላይ አድርገሽ አንሺ። የመጀመሪያው ሠርቶ ሁለተኛው ላይ መልእክቱ ከመጣ፣ ችግሩ ያለው አፐርቸሩን በሚያንቀሳቅሰው ክፍል ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ስስ ሪባን ገመድ ላይ ነው። ሌንሱን ስታጥፊና ስትዘረጊ አብሮ ስለሚተጣጠፍ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ጥገናው ዛሬና ነገ የሚደርስ አይደለም፤ ነገር ግን ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ማንሳት ይችላል ማለት ነው፤ ለሌሊት ደግሞ ይኸው ይበቃል።

ሩቅ አገር፦
ለምን ወደ ማስወንጨፊያው ቀረብ አትዪም? ፎቶግራፈሮች ካሜራቸውን እሳቱ አጠገብ ተክለው ሲሄዱ አይቻለሁ። እዚያ ከሆነ 18-55 ራሱ ይበቃል።

የታይተስቪል ነዋሪ፦
ያ የሚፈቀደው ፈቃድ ላላቸው የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች ብቻ ነው፤ እነሱም ካሜራቸውን አስቀድመው ተክለው ይወጡና በሮኬቱ ድምፅ እንዲነሣ ያደርጉታል እንጂ አጠገቡ አይቆሙም። ያም ሆኖ አደጋ አይጠፋውም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ካሊፎርኒያ ቫንደንበርግ ላይ የናሳው ፎቶግራፈር ቢል ኢንጋልስ ካሜራ መቅለጡን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ካሜራውን ያቀለጠው የሮኬቱ ነበልባል አልነበረም፤ ከተወነጨፈ በኋላ የተነሣው የሣር ቃጠሎ ነው። ከተከላቸው ካሜራዎች መካከል ከማስወንጨፊያው በጣም ከራቁት አንዱ ያው የቀለጠው ሲሆን፣ ቀረብ ያሉት ምንም አልሆኑም። ሜሞሪ ካርዱም ተርፎ ፎቶዎቹ ተገኝተዋል።

እታለም፦
እኔ የምለው ምናልባት ደስ ላያሰኝሽ ይችላል፤ ግን ከልቤ ነው። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። 400 ወይስ 600 የሚለው የቀን ጥያቄ ነው። በሌሊት ከ23 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚያምረው ፎቶ ሮኬቱ ከመሬት እስከ ሰማይ የሚስለው የብርሃን ቅስት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ሰፊ ሌንስ ነው። እሱ አሁን በእጅሽ አለ። 18 ሚሊ ሜትር ላይ ካሜራሽ በአግድም 64 ዲግሪ ያህል ይይዛል። 900 ዶላር ማውጣት ቀርቶ 30 ዶላር የሚያወጣ የገመድ ሪሞት ብትገዢ ሥራሽን ጨረስሽ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ኤፍ 11፣ ሹተሩን ባልብ ላይ (እስክትዘጊው ድረስ ክፍት የሚቆይበት)። ቆጠራው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ሹተሩን በሪሞቱ ትከፍቻለሽ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሞተር ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ስለሚነድ፣ ብርሃኑ ደብዝዞ እስኪጠፋ ድረስ ክፍት ትተሽ ከዚያ ትዘጊያለሽ። ባልብ የሚያስፈልገው ካሜራው በራሱ ከ30 ሰከንድ በላይ ስለማይቆይ ነው። አቅጣጫውን ደግሞ ዛሬውኑ አጣሪ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ከሆነ ቅስቱ ከአንቺ ቦታ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ማስወንጨፊያውን በፎቶው ቀኝ በኩል አስቀምጪና ለግራው ቦታ ተዪለት። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከሆነ ተቃራኒውን አድርጊ።

አባ መላ፦
እታለም ያለችው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የረጅም ሹተር ኖይዝ ሪዳክሽን የሚባለውን (በፎቶው ላይ የሚታዩ ነጠብጣቦችን የሚቀንሰውን) ከሜኑው ውስጥ አጥፊው። ካላጠፋሽው ካሜራው ሹተሩ በተዘጋ ቁጥር ያንኑ ያህል ጊዜ፣ ማለትም ሌላ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ጥቁር ፎቶ በማንሳት ይቆለፋል፤ ትእዛዝም አይቀበልም። የመጀመሪያው ክፍል ወደ ኬፕ ተመልሶ የሚያርፍ ከሆነ በስምንተኛው ደቂቃ ግድም እንደገና እሳት ታያለሽና ካሜራሽ ዝግጁ ይሁን። ሌላው ፎከስ ነው። በጨለማ አውቶ ፎከስ አይይዝም። ማኑዋል አድርገሽ፣ በስክሪኑ ላይ እስከ 10 እጥፍ አጉልተሽ፣ በወንዙ ማዶ ባለ ሩቅ መብራት ወይም በደማቅ ኮከብ ላይ አስተካክዪና ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቂው።

ሩቅ አገር፦
ፎቶውን ለሌሎች ተዉላቸውና በዓይናችሁ እዩት። ልጆቹም በሕይወታቸው የሚያስታውሱት እሱን ነው።

እታለም፦
ሪሞቱን ከተጫነች በኋላ ካሜራው በራሱ ስለሚሠራ ሁለት ደቂቃ ተኩሉን ሙሉ ቀና ብላ ታያለች። ድምፁም ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የሚደርሳት፤ ልጆቹን አስቀድማ ትንገራቸው፣ ጸጥ ሲልባቸው የተበላሸ ነገር ያለ እንዳይመስላቸው።

እንግዳ ከአትላንታ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሌንስ ጠጋኝ እንዳሉት ሞከርኩ፤ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ያነሳል፣ ከኤፍ 8 ጀምሮ ግን መልእክቱ ይመጣል። ስለዚህ የተበላሸው አፐርቸሩ ነው ማለት ነው። አሁን ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ። 18-55ቱን ለቅስቱ በትሪፖድ ካደረግሁ፣ በሁለተኛው ካሜራ፣ ማለትም በባለቤቴ አሮጌ ካሜራ፣ 75-300ውን በእጄ ይዤ ነበልባሉን ማንሳት እችላለሁ? ሪሞት ባላገኝስ ምን ላድርግ? ድልድዩ ላይ ብንቆም አይሻልም?

የሌንስ ጠጋኝ፦
የባለቤትሽ ካሜራ ሌንሱን የሚቀበል ከሆነ በደንብ ይቻላል። በሙሉ ክፍት፣ አይኤስኦ 400፣ ሹተር 1/1000 ጀምሪና ነበልባሉ አሁንም ነጭ ከሆነ ሹተሩን አፍጥኚው። ሮኬቱ ከጉም ወይም ከጭስ ውስጥ ሲወጣ ብርሃኑ ስለሚለዋወጥ በተከታታይ አንሺ። 150-600 መከራየት አያስፈልግሽም። ብቻውን 2 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ያ ቀላል ትሪፖድሽ አይሸከመውም። ኦርላንዶ ድረስ ለመሄድና ለመመለስ ግማሽ ቀንሽ ይባክናል፤ ካርድሽ ላይም የሚያዝ መያዣ ገንዘብ አለ። አዲስ ካሜራማ ፈጽሞ አትግዢ፤ ቁልፎቹን በማታውቂው ካሜራ በጨለማ መሥራት ፈተና ነው።

መቅረዝ፦
ሪሞት ካላገኘሽ ካሜራሽ ዋይፋይ ካለው በስልክ አፕ ሹተሩን መቆጣጠር ይቻል እንደሆነ ዛሬ ማታ ሞክሪ። እሱም ካልሆነ ሹተሩን 30 ሰከንድ ላይ አድርገሽ ተከታታይ ፎቶ አንሺና በኋላ በኮምፒውተር አንዱን በሌላው ላይ ደርቢው። በፎቶዎቹ መካከል ቀጭን ክፍተት ይታያል፤ ቅስቱ ግን ይወጣል። ባልብ ላይ ሆነሽ ቁልፉን በጣትሽ ተጭነሽ ለመቆየት ግን አትሞክሪ፤ ይንቀጠቀጣል።

የታይተስቪል ነዋሪ፦
ማክስ ብሩወር ድልድይ ከፍ ያለ ስለሆነ እይታው ያምራል፤ ነገር ግን መኪና ባለፈ ቁጥር ስለሚርድ ለረጅም ሹተር አይሆንም። ፓርኩ ይሻልሻል። በጊዜ ሄደሽ የውኃው ጠርዝ ላይ ቦታ ያዢ፤ የሜርኩሪ፣ የጀሚናይና የአፖሎ ሐውልቶች እዚያው ስለሆኑ ልጆቹም እየጠበቁ የሚያዩት አያጡም። የትንኝ መከላከያ ቅባት እንዳትረሱ። ትሪፖዱ ንፋስ እንዳይነቀንቀው ቦርሳሽን ከመሐሉ አንጠልጥይበት፣ እግሮቹንም እስከ መጨረሻ አትዘርጊያቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ካሜራዎቹን ከኤሲው ክፍል ወይም መኪና በቀጥታ አውጥተሽ እንዳትጠቀሚ። የፍሎሪዳ ሌሊት እርጥብ ስለሆነ ቀዝቃዛው መስታወት ወዲያው በጤዛ ይሸፈናል፤ አንዴ ከተሸፈነ ደግሞ ቢጠርጉት ተመልሶ ይመጣል። ከመወንጨፉ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ በቦርሳቸው እንዳሉ ውጪ አስቀምጫቸው፣ ቀስ ብለው ይሙቁ።

ደመና ሰንጣቂ፦
ሰዓቱ ቢዛወርስ ያው ቅንብር ይሠራል?

እታለም፦
ሌሊቱን እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ወደ ንጋት ከተጠጋ ግን ኤፍ 11 ላይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ሙሉ ከተከፈተ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ቅስቱን ትታ ካሜራውን ወደ አጭር ሹተር ትመልሰው፣ 18-55ቱንም 18 ላይ ትተወው። ፀሐይ ሳትወጣ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሲቀር ከተወነጨፈ፣ መሬት ላይ ገና ጨለማ ሳለ ጭሱ ላይኛው አየር ውስጥ ፀሐይ ያገኘዋል፤ በሰማዩም ላይ ተዘርግቶ ያበራል። እሱን ለመያዝ ከ18ም የሰፋ ሌንስ ቢኖር ይመረጣል፤ ከሌላት ግን በስልኳ ሰፊ ካሜራ ታንሳው።