ጂማ ላይ ሱቅ መክፈት ይሻላል ወይስ ጦማር መጻፍ?

ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። ከጂማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ በኮንትራት የምሠራ ወጣት ነኝ። ያጠራቀምኳት ጥቂት ገንዘብ አለችኝ፤ አጎቴም ሂርማታ ገበያ አጠገብ ያለቻቸውን ጠባብ ክፍል በቅናሽ ሊያከራዩኝ ፈቃደኛ ናቸው። በሌላ በኩል ስለ ቡና የምጽፍበት የአማርኛ ጦማር ቀስ በቀስ አንባቢ እያገኘ በመሆኑ፣ ገንዘቤን ሸቀጥ ላይ ከማዋል ይልቅ ላፕቶፕ ገዝቼ ሙሉ ጊዜዬን ለጽሑፍ ብሰጥ ይሻል ይሆን እያልኩ አመነታለሁ። ገቢው በተግባር እንዴት እንደሚገኝ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ባለ ሱቅ፣ ፈረንጅ አራዳ

ወንድሜ፣ ሱቅ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ገንዘብ ያስገባል። ይሁንና መሳቢያ ውስጥ ያለው ብር ሁሉ ትርፍ የሚመስለው ነጋዴ ብዙም አይቆይም፤ አብዛኛው ለጅምላ አከፋፋዩ ተመልሶ የሚሄድ ነውና። ስኳርና ዘይት ደንበኛ ያመጣሉ እንጂ እምብዛም አያተርፉም።

የጂማ ገበያ ደግሞ ከቡናው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከጥቅምት አንስቶ ቡና ሲለቀም በየሰዉ እጅ ገንዘብ ይኖራል፤ ክረምት ላይ ግን፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪም ወደየቤቱ ሲበተን፣ የሚሞላው መሳቢያው ሳይሆን የዱቤ ደብተሩ ነው። ከስማቸው ጎን «ቡና ሲደርስ» ተብሎ የተጻፈላቸው ደንበኞች በየገጹ አሉ፤ እንዳትከለክላቸው ጎረቤቶችህ ናቸው፣ ብትሰጣቸው ደግሞ ዕቃ የምትተካበት ገንዘብ ያጥርሃል። ኪራዩ፣ ግብሩና ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 መታደስ ያለበት የንግድ ፈቃድ ግን የቡናውን መድረስ አይጠብቁም። አጎትህ ኪራዩን ከቀነሱልህ ትልቁ ሸክም ቀሎልሃል፤ ቢሆንም ውሉን በጽሑፍ አድርጉት።

ጦማሪ

እኔ ስለ ጦማሩ ብቻ ልናገር። መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ በጦማር ላይ ማስታወቂያ እያሳየ ለባለ ጦማሩ የሚከፍለው ጎግል አድሴንስ ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ አለመኖራቸው ነው። ስለዚህ የአማርኛ ጦማርህ የቱንም ያህል ቢነበብ፣ ከዚህ ማስታወቂያ ገቢ አገኛለሁ ብለህ ሥራህን እንዳትለቅ። በእንግሊዝኛ ብትጽፍ እንኳ ክፍያው የሚላከው ሒሳብህ 100 ዶላር ሲሞላ ነው፤ ለስሌት ያህል አንድ ሺህ ዕይታ አንድ ዶላር ያስገኛል ብንል፣ 100 ሺህ ዕይታ ያስፈልግሃል ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ በሚቀጥለው ቀን የምታየውን ገንዘብ፣ እዚህ ወራት ጠብቀህ፣ ምናልባትም ከዓመት በኋላ ታየዋለህ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ቴሌግራም የተሻለ በር ከፍቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ 1,000 እና ከዚያ በላይ ተከታይ ያላቸው ለሁሉም ክፍት የሆኑ ቻናሎች ከሚታይባቸው ማስታወቂያ ገቢ ግማሹን ይካፈላሉ፤ ክፍያው ቶንኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ ስለሆነ ግን ወደ ብር መለወጡ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋም ሁሉም ይቆማል፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ለሳምንታት እንደተቋረጠው ማለት ነው። ባለ ሱቅ በዚያ ጊዜም ሳሙናውን ይሸጥ ነበር።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ክፍሏን እወስዳለሁ፤ ጽሑፉን ግን ወደ እንግሊዝኛ አዞረዋለሁ። ታጥቦ የሚዘጋጀው የሊሙ ቡናና ሳይታጠብ በፀሐይ የሚደርቀው የጂማ ቡና በገበያ ላይ ለምን እንደሚለያዩ በቅርብ እያየ የሚጽፍ ሰው ብዙ የለም። ውጭ አገር ያለው ቡና ቆይም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ባለ ሱቅ፣ ፈረንጅ አራዳ

በአንድ ነገር አልስማማም። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ ብለህ ከሆነ ተወው፤ አንድ አረፍተ ነገር ሳትጨርስ ክብሪት የሚጠይቅ ልጅ ይመጣል። በተለይ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ቀና ለማለትም ጊዜ አይኖርህም።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ክፍሏን ለመውሰድ ወስኛለሁ፤ ጽሑፉ የማታ ሥራ ይሆናል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ አድሴንስ አድራሻ ማረጋገጫ የሚልከው በፖስታ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ የቤት ቁጥር ብቻ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?

ጦማሪ

ሒሳብህ 10 ዶላር ሲደርስ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር በደብዳቤ ይላክልሃል፤ በአራት ወር ውስጥ ካላስገባኸው ማስታወቂያው ይቆማል። ስለዚህ ከወዲሁ ፖስታ ቤት ሄደህ የፖስታ ሣጥን ተከራይ፤ ምዝገባው ላይ የምትሞላው ስምም በባንክ ሒሳብህ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር አንድ ይሁን።